ቆይተው ውጭ አገር ለመኖር ላሰቡ ጥንዶች የአሜሪካ የትዳር ቪዛ ምን ያህል ይጠቅማል? የአገልግሎቱ ግምገማ

የአሜሪካ መንግሥት ለዜጎቹ የትዳር አጋሮች የሚሰጠው የኢሚግሬሽን አገልግሎት፣ ጥንዶቹ ገብተው፣ ቤት ተከራይተውና ሥራ ይዘው እዚያው ይኖራሉ በሚል እሳቤ የተዘረጋ ነው። ጥቂት ዓመታት ኖረው በሥራ ወይም በቤተሰብ ጉዳይ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ያቀዱ ጥንዶች ይህ እሳቤ በየደረጃው ያጋጥማቸዋል። እኔና ባለቤቴ አገልግሎቱን የተጠቀምነው ይህንኑ ዕቅድ ይዘን ስለነበር እዚህም የምገመግመው በዚያው መስፈርት ነው፤ ማለትም ቪዛው በስንት ጊዜ ይገኛል ከሚለው ይልቅ፣ ከተገኘ በኋላ ባለቤቱን ምን ያህል ያንቀሳቅሰዋል በሚለው ነው።

ብዙ ሰው "ፈጣኑ መንገድ" ከሚለው የእጮኛ ቪዛ፣ ከኬ-1፣ ልጀምር። ይህ ቪዛ ከጋብቻ በፊት በአይ-129ኤፍ ፎርም የሚጠየቅ ሲሆን፣ እጮኛው አሜሪካ በገባ በ90 ቀናት ውስጥ ጋብቻው መፈጸም አለበት። ጋብቻው ግን በራሱ ግሪን ካርድ አያስገኝም። አዲስ የገባው ሰው እዚያው ሆኖ በአይ-485 ፎርም እንደገና ማመልከት አለበት፤ ማመልከቻው ገና በሂደት ላይ እያለ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአገር ከወጣም ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። የሥራ ፈቃዱም ለብቻው ተጠይቆ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ አገር ውስጥ እስከ መግባት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ወላጅ ታመመ ቢባል እንኳ ቲኬት ቆርጦ መነሣት የማይቻልበት ነው። እንደኔ አስተያየት ኬ-1 የሚመከረው ከአሜሪካ ውጭ ጋብቻ መፈጸም በእውነት ለማይችሉ ጥንዶች ብቻ ነው።

በአንጻሩ ተጋብተው የሚያመለክቱበት የትዳር ቪዛ፣ ምንም እንኳ ከመነሻው ትዕግሥት የሚፈልግ ቢሆንም፣ ለእንደኛ ዓይነቱ ዕቅድ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዜጋው አይ-130 የተባለውን የትዳር አጋሩን የሚያስጠራበት ፎርም ያስገባል፤ ሲጸድቅ ኬዙ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄድና ሰነዶቹ ተሟልተው በኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ይጠናቀቃል። በዚህ መንገድ የመጣ ሰው የመግቢያውን በር ካለፈበት ደቂቃ ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ ነው። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ራሱ የመግቢያ ማኅተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ማስረጃ ሆኖ እንደሚያገለግል በትንንሽ ፊደላት ታትሞበታል። ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ልብ ያለችው ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ድረስ መጓዝ አልችልም ብላ ስትጨነቅ ነበር። በሳምንቱ ወጥቶ መመለስ፣ በማግስቱም ሥራ መጀመር ይቻላል።

አንድ ዝርዝር ነገር በተለይ ሊታወቅ ይገባል። ሰውየው አሜሪካ በሚገባበት ዕለት ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው ቪዛው ሲአር-1 ይባላል፤ የሚሰጠውም የሁለት ዓመት ሁኔታዊ ካርድ ነው፤ ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀናት ሲቀሩት አይ-751 የተባለ ፎርም ገብቶ በካርዱ ላይ ያለው ሁኔታ እንዲነሣ መጠየቅ አለበት። ሁለት ዓመት ከሞላው ግን አይአር-1 ሆኖ የአሥር ዓመት ካርድ ያሰጣል። የሚቆጠረው የመግቢያው ቀን ስለሆነ፣ የጋብቻቸው ሁለተኛ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት የቀሩት ጥንዶች የቪዛው ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ ጉዞውን ቢያዘገዩ አንድ ሙሉ ማመልከቻና ክፍያው ይቀርላቸዋል። ኋላ ውጭ አገር ለመኖር ላሰበ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ አይ-751ን ከሌላ አገር ሆኖ እየተከታተሉ ለአሻራና ለቃለ መጠይቅ መመላለስ አድካሚም ወጪ የሚያበዛም ነውና።

ዋጋውን በተመለከተ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ መሠረት የትዳር ቪዛው በኢንተርኔት ለሚያስገባ 625 ዶላር ለአይ-130፣ 325 ዶላር ለቪዛው፣ 120 ዶላር ለስፖንሰር ሰነድ ምርመራና 235 ዶላር ለካርዱ፣ በድምሩ 1,305 ዶላር ያስወጣል። ኬ-1 ደግሞ 675 ለአይ-129ኤፍ፣ 265 ለቪዛው እና 1,440 ለአይ-485 ሲደመሩ 2,380 ዶላር ይሆናል፤ የጉዞና የሥራ ፈቃድ ክፍያው ገና አልተጨመረም። የሐኪም ምርመራው በሁለቱም በኩል ለብቻው የሚከፈል ነው።

ጥንዶቹ አስቀድመው ከአሜሪካ ውጭ አብረው የሚኖሩ ከሆነ የሚያሰናክላቸው አይ-864 የተባለው የስፖንሰርነት ቃል ኪዳን ነው። እዚያ ላይ ስፖንሰሩ ቋሚ መኖሪያው የት አገር እንደሆነ የሚጠየቅበት አንድ ጠባብ ሳጥን አለ። አሁን ያለበትን አገር በየዋህነት የጻፈ ዜጋ፣ ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ ቢበልጥም እንኳ፣ ባለቤቱ ከምትገባበት ጊዜ ሳይዘገይ ወደ አሜሪካ ተመልሶ ለመኖር ማሰቡን በማስረጃ እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ እና የመሳሰሉት ይቀርባሉ። ጉዳያችንን መጀመሪያ ያየልን ፎርም የሚሞላ ቢሮ ይህን አንዴም አላነሣልንም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የት ለመኖር እንዳሰብን እንኳ አልጠየቀንም። ሌላው ነገር ሁሉ በሥርዓት የተሠራ ቢሆንም፣ ለዚህ ዓይነቱ ጥንድ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው መሆን ነበረበት።

የአገልግሎቱ ደካማ ጎን በግልጽ የሚታየው ግሪን ካርዱ ከተገኘ በኋላ ነው። ካርዱ የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ በፈለጉ ጊዜ መግቢያ አይደለም። ከ180 ቀናት በላይ ውጭ የቆየ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊጠየቅ ይችላል፤ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ ካርዱ ብቻውን አያስገባውም። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ሪኢንትሪ ፐርሚት የተባለው የመመለሻ ፈቃድ ነው፤ በ630 ዶላር የሚጠየቅ፣ ሲያመለክቱ አሜሪካ ውስጥ መገኘትን የሚጠይቅ፣ ቢበዛ ለሁለት ዓመት የሚያገለግልና የማይታደስ ደብተር። ብዙ ሰው ይህን ደብተር ከያዘ ለዜግነት የሚቆጠረው ጊዜም የተጠበቀለት ይመስለዋል። አይደለም፤ ካርዱን ይጠብቃል እንጂ ለዜግነት የሚፈለገውን ተከታታይ ነዋሪነት አያስጠብቅም። ስለዚህ ሪኢንትሪ ፐርሚት ከሚወራለት ያነሰ ዋጋ ያለው ነገር ነው።

ለዚህም ነው ትክክለኛው ግብ ዜግነት እንጂ ግሪን ካርድ አይደለም የምለው። የአሜሪካ ዜጋ የትዳር አጋር በግሪን ካርድ ሦስት ዓመት ከባለቤቱ ጋር አብሮ ከኖረና ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 18 ወር በአካል አሜሪካ ውስጥ ከነበረ ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻውም ሦስተኛው ዓመት ሊሞላ 90 ቀናት ሲቀሩት ሊገባ ይችላል። ከአሜሪካ የሚነሡበትን ዓመት ሲያቅዱ ይህን ቀን መነሻ ማድረግ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። እርግጥ የትውልድ አገሩ ጥምር ዜግነት የማይፈቅድ ሰው የሚተወውን ነገር አስቀድሞ ማስላት አለበት፤ ይህ ውሳኔ ከቪዛ ምርጫው ሁሉ የከበደ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን በኢሚግሬሽንና ዜግነት ሕጉ አንቀጽ 319(ቢ) የተቀመጠው ድንጋጌ ነው። ዜጋው በአሜሪካ መንግሥት፣ አሜሪካ አባል በሆነችበት ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በውጭ ንግድ በተሰማራ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ዕውቅና በተሰጠው የምርምር ተቋም ወይም በሃይማኖት አገልግሎት ተቀጥሮ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ያላት ባለቤቱ የሦስት ዓመቱን ጊዜ ሳትጠብቅ ዜግነት መጠየቅ ትችላለች። አብራው ለመሄድና ሥራው ሲያበቃ አሜሪካ ተመልሳ ለመኖር ማሰቧን መግለጽ፣ ቃለ መሐላውንም አሜሪካ ተገኝታ መፈጸም ይጠበቅባታል። በዚህ መደብ ውስጥ የሚወድቁ ጥንዶች ይህን ሳያውቁ ሪኢንትሪ ፐርሚት እያሳደዱ ሲደክሙ አይቻለሁ። ከውጭ አገር የሥራ ውል በፊት የትዳር ቪዛውን መጨረስ ለእነርሱ ተወዳዳሪ የሌለው ምርጫ ነው።

በቅርብ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ የመኖር ሐሳብ ለሌላቸው ጥንዶች ደግሞ ምክሬ ግሪን ካርዱን ጭራሽ እንዳይጠይቁ ነው። ባለቤቱን ዘመድ ለማስጎብኘት የጎብኚ ቪዛ ይበቃል፤ አይ-130 ካስገቡ በኋላ ግን ለቆንስሉ የምመለስ ጎብኚ ነኝ ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። ካርዱ ከተያዘም ከየትም አገር የተገኘ ገቢ ሁሉ ለአሜሪካ ግብር ባለሥልጣን የሚገለጽ ይሆናል፤ ካለፉት 15 የግብር ዓመታት ውስጥ ቢያንስ በስምንቱ ካርዱን የያዘ ሰው ደግሞ ሲመልሰው የስንብት ግብር ሕግ፣ ማለትም ነዋሪነትን ትቶ በመውጣት የሚጣለው ግብር፣ ሊመለከተው ይችላል። አስቀድሞ ካርድ ኖሮት ለረዥም ጊዜ የሚወጣ ሰው በአይ-407 ፎርም ያለ ክፍያ ሊመልሰው ይችላል፤ ስፖንሰሩ የገባው የአይ-864 ግዴታም ባለቤቱ ነዋሪነቷን ትታ ከአገር ስትወጣ ያበቃል። የዜጋ የትዳር አጋር በዓመታዊ ኮታ ስለማይወሰን፣ ጥንዶቹ ሐሳባቸውን የቀየሩ ቀን አዲስ አይ-130 ማስገባት ይችላሉ፤ ያኔ ጋብቻው ሁለት ዓመት ስለሚያልፈው ካርዱ በቀጥታ የአሥር ዓመት ይሆናል።