ሲሊኮን ከመቀባቱ በፊት ቀዳዳውን ለሚፈልግ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውስጧ ውሃ የምትቋጥረውን መኪና ተረክቦ፣ ውሃው የሚገባበትን ቦታ በዓይናችን ላሳየን ባለሙያ እጁ ይባረክ እንላለን። ስሙ እንዳይጻፍ ስለለመነን አንጽፈውም። አሠራሩን ግን እንዘረዝረዋለን፤ በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ መኪናችሁን ሳትሰጉ ስጡት።

መኪናዋ ሰንሩፍ፣ ማለትም ጣሪያዋ ላይ የሚከፈት መስታወት ያላት ናት። ከሾፌሩ ጎን ያለው ተሳፋሪ እግሩን የሚያሳርፍበት ሞኬት ይርሳል። ቀደም ሲል በሌላ እጅ የፊት መስታወቱ ዙሪያ በሲሊኮን ተለስኗል፤ ውሃው ግን መግባቱን አልተወም።

የመጀመሪያ ሥራው መጠየቅ ነበር። የሚርሰው ከዝናብ በኋላ ብቻ ነው ወይስ በደረቅ ቀንም? በደረቅ ቀን ኤሲ ሲሠራ ንጹህና ሽታ የሌለው ውሃ ወደ ውስጥ ከወረደ፣ የተደፈነው የኤሲው ውሃ ማውረጃ ቱቦ ነው። ፈሳሹ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት፣ ጣት ላይ የሚያሟልጭ ከሆነና መስታወቱም የቅባት ጉም ከለበሰ፣ ማሞቂያው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እያፈሰሰ ነው፤ ዝናብ አይታማም። ቀጥሎ መኪናዋ ስትቆም አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለት ነው ወይስ ወደ ዳገት ብሎ ጠየቀ። ያው ቀዳዳ እንደ አቋቋሟ አንዴ ፊት አንዴ ኋላ ወለል ሊያርስ ስለሚችል ጥያቄው ተራ አይደለም።

ከዚያ የበሩን መርገጫ ፕላስቲክ ፈቶ ሞኬቱን ገለጠ። ሞኬት ሳይነሳ የሚደረግ ፍተሻ ግምት ነው። ውሃ በሽቦ ጥቅልና በብረት መጋጠሚያ ላይ እየተንሸራተተ ሩቅ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚጠራቀምበት ዝቅተኛ ቦታ የግድ የሚገባበት ቦታ አይደለም። ብረቱን በጨርቅ አድርቆ የጠመኔ ዱቄት በስሱ ነሰነሰበት፤ አንዲት ጠብታ ብታልፍ እንኳ መንገዷን ጽፋ ትሄዳለች።

የውሃ ፍተሻው ላይ ነው ልዩነቱ የታየው። የውሃ ጎማው ጫፍ ላይ መርጫ የለም፤ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ከታች ይጀምራል፦ የበሩ ታችኛ ጠርዝ፣ ከዚያ የፊት መስታወቱ ግርጌ፣ ከዚያ ጎንና ጎኑ፣ በመጨረሻ ጣሪያው። በእያንዳንዱ ቦታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ሌላ ሰው ውስጥ ተቀምጦ በእጅ ባትሪ ይከታተላል። ጣሪያው ቀድሞ ከራሰ ከሱ በታች ያለው ሁሉ አብሮ ይርሳል፤ ያኔ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ማሽን ደግሞ ጤነኛውን የበርና የመስታወት ጎማ ሳይቀር አልፎ ስለሚገባ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱን ይዞ የሚመጣ ሰው ካያችሁ ትንሽ ተጠራጠሩ።

በዚህ መንገድ ሁለት ምክንያት ተገኘ። አንደኛው ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር፣ ከኮፈኑ ጀርባ ያለው ገንዳ ነበር። ቅጠልና አፈር የውሃ መውጫዎቹን ስለደፈናቸው ውሃው ከፍ ብሎ በነፋስ ማስገቢያው በኩል ወደ ብሎወሩ (አየር ወደ ውስጥ የሚነፋው ማራገቢያ) ይገባል፤ ከዚያ ወደ ተሳፋሪው እግር። የመጥረጊያዎቹን ክንዶችና የፕላስቲክ ክዳኑን ፈትቶ ቆሻሻውን በእጅ አወጣ። በውሃ ገፍቶ ማውረድ መውጫውን የባሰ ይወትፈዋል። ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው የካቢን ፊልትሮም ርሶ ስለነበር ተቀየረ፤ ደርቆ ቢመለስ ሽታው አይለቅም።

ሁለተኛው ሰንሩፉ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በሰንሩፉ መስታወት ዙሪያ ያለው ጎማ ውሃን ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ አልተሠራም። ያለፈው ውሃ ከሥሩ ባለ ገንዳ ይጠራቀምና በአብዛኞቹ መኪኖች በአራት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወርዳል፤ ሁለቱ በፊት መስታወቱ ምሰሶዎች፣ ሁለቱ በኋላ ምሰሶዎች። ስለዚህ መስታወቱን ከላይ በሲሊኮን መለሰን መፍትሔ አይደለም። ባለሙያው ሰንሩፉን ከፍቶ በገንዳው በእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ስኒ ውሃ ቀስ ብሎ አፈሰሰ። ጤነኛ ቱቦ ውሃውን ወዲያው ተቀብሎ ከፓራፋንጎው ጀርባ ወይም በበሩ ማጠፊያ አካባቢ ወደ ውጭ ያወርደዋል። በተሳፋሪው በኩል ያለው የፊት ቱቦ ግን ውሃውን እንደያዘ ቀረ።

ቱቦውን የከፈተው የሣር ማጨጃ ማሽን ላይ በሚገጠም 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የናይለን ገመድ ነው። ጫፉን በእሳት አድቦልቡሎ፣ ሳይገፋ እያሽከረከረ አስገባው። የኮምፕሬሰር አየር በኃይል ቢለቀቅበት ቱቦው ከገንዳው ጋር ከተያያዘበት አፍ ሊነቀል ይችላል፤ ያን ጊዜ የጣሪያውን ፎደራ ማውረድ ሊመጣ ነው። ሽቦም ቱቦውን ይበሳል። በታችኛው ጫፍ ደግሞ ጭቃ የሚይዝ ትንሽ የጎማ ምላስ ሊኖር ስለሚችል እሱንም አውጥቶ አጠበው። የምሰሶውን ሽፋን ከመንካቱ በፊት ባትሪውን ነቅሎ ጠበቀ፤ ብዙ መኪኖች ላይ እዚያ ኤርባግ አለ።

ምክንያቱ ተገኘ ብሎ አላቆመም፣ በሮቹንም አየ። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ ውሃ መግባቱ ጤነኛ ነገር ነው፤ በታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። በሩ ሲከፈት ውስጡ ውሃ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ውሃው ወደ ወለሉ እንዳይዞር የሚከለክለው ከፎደራው ጀርባ የተለጠፈው ፕላስቲክ ነው። ስፒከር የቀየረ ወይም የመስታወት ማንሻ የጠገነ ሰው ፕላስቲኩን ቀዶ በፕላስተር መልሶት ከሆነ ወለሉ ይርሳል። የአንዱ በር ፕላስቲክ ተላጦ ስለነበር ብረቱን አጽድቶ፣ አድርቆ፣ ቡቲል በሚባል አዲስ የሚያጣብቅ የጎማ ገመድ ዙሪያውን ተጭኖ አጣበቀው። የኋላ መብራት ጎማዎችን፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ያሉትን የአየር መውጫዎችና የትርፍ ጎማውን ጉድጓድም አየ፤ ደረቅ ነበሩ።

ስለዚያ የፊት መስታወት ሲሊኮን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። መስታወቱን ከብረቱ ጋር የሚይዘው ዩሪቴን የሚባል ማጣበቂያ ነው፤ ዩሪቴን ደግሞ የሲሊኮን ቅሪት ባለበት ቦታ አይዝም። ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ጭራሽ ብረትን ያዝጋል። መስታወቱ በእርግጥ የሚያፈስ ከሆነ ከውጭ የሳሙና ውሃ ይቀባል፣ ከውስጥ ለዘብ ያለ አየር ይነፋል፣ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። መድኃኒቱም መስታወቱን አውጥቶ፣ ዝገቱን አጽድቶ፣ ማጣበቂያው እንዲይዝ የሚቀባውን ፕራይመር ቀብቶ በአዲስ ዩሪቴን መትከል ነው።

ማድረቁ ላይ የሚቸኩል ብዙ ነው። ከሞኬቱ ሥር ያለው ወፍራም ስፖንጅ ላዩ ደርቆ እንኳ በሊትር የሚቆጠር ውሃ ሊይዝ ይችላል። ባለሙያው ወንበሩን አውጥቶ ውሃውን በመምጠጫ ማሽን ሳበው፤ ሞኬቱን ከብረቱ ከፍ አድርጎ አየር ከታች እንዲያልፍ ተወው። ከወንበሩ ሥር የኤርባግ ሶኬት አለ፤ ባትሪው ተነቅሎ የመኪናዋ መመሪያ የሚለው ደቂቃ ሳያልፍ አይነካም፣ ሶኬቱ ሳይመለስም ቁልፍ አይዞርም። አረንጓዴ ያወጡ የሽቦ ሶኬቶችን በኮንታክት ማጽጃ አጠበ። ሞኬቱን የመለሰው የውሃ ፍተሻውን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አድርጎ፣ ጠመኔው ደረቅ ሆኖ ካገኘው በኋላ ነው።

ሥራ ከመስጠታችሁ በፊት ባለሙያውን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ሞኬቱን ታነሳለህ? ውሃ ከታች ጀምረህ ታፈሳለህ? ከመግጠምህ በፊት ፍተሻውን ትደግማለህ? ሦስቱንም አዎ ካለ እሱ ነው። ፍለጋው ከጥገናው የበለጠ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ሂሳቡ ላይ ስትነጋገሩ የፍለጋውን ሰዓት ለብቻው ቁጠሩለት።