ላርናካ ከእማዬ ጋር፣ የሆሳዕና ሰሞን

ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ቆጵሮስ እንዴት ነበር እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። እህቴ እዛ ስራ ላይ ናት፣ እማዬን አምጪልኝ ብላ ትኬቱንም ቪዛውንም የጨረሰችው እሷ ናት፣ በዱባይ አድርገን ሚያዝያ መጀመሪያ 2017 ላርናካ ገባን።

ቀድሜ የምላችሁ፣ እናት ወይ አባት ይዛችሁ ከሆነ የምትሄዱት አሮጌው ከተማ ውስጥ እረፉ፣ ባህሩ ጫፍ ላይ ከተደረደሩት ትልልቅ ሆቴሎች ይሄ ይሻላል። እኛ የያዝነው የድሮ የድንጋይ ቤት ነው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ የእንጨት፣ ለሶስት ሰው በአዳር 60 ዩሮ። ሊፍት የለውም ደረጃውም ጠባብ ነው፣ የእማዬ ጉልበት ስላመማት ሁለተኛው ቀን ላይ ታች ያለውን ክፍል ቀየሩልን፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ደስ ያለኝ ግን ቁርሱ ነው። የቤቱ ባለቤት ጾመኛ መሆናችንን ስትሰማ እንቁላሉንና ሃሉሚ የሚሉትን አይባቸውን አንስታ የወይራ ፍሬ፣ ቲማቲምና ትኩስ ዳቦ አመጣች፣ ለካ እነሱም እየጾሙ ነው፣ ፋሲካችን አንድ ቀን ነው የዋለው። ዳቦ ቤቶቹም የጾም ብለው ለብቻ የሚሸጡት አላቸው፣ አንዱን ጥቅል ኬክ የመሰለ ነገር እማዬ ቆርሳ አሸተተችና "ይሄማ ሰሊጥ ነው!" አለች፣ እውነትም ሰሊጥ ነው፣ ከዛ በኋላ በየቀኑ እሱን ነበር የምንገዛው።

ከቤቱ ሁለት ደቂቃ በእግር የአልዓዛር ቤተክርስቲያን አለ። ጌታ ከሞት ያስነሳው አልዓዛር ከዛ በኋላ እዚህ መጥቶ ጳጳስ ሆኖ ነው የኖረው ይላሉ፣ ላርናካ ያኔ ኪቲዮን ነበር ስሟ። አጽሙን የቢዛንታይኑ ንጉሥ ሊዮ 6ኛ ወደ ቁስጥንጥንያ አስወስዶ በምትኩ ይሄን ቤተክርስቲያን አሰራ፣ 9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ሲታደስ ከመንበሩ ስር የቀረ አጽም ተገኘ። መቃብሩ ምድር ቤት ነው፣ ጥቂት ደረጃ ወርዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትገቡት፣ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። እማዬ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ ጠባቂው በእጁ ግዴለም ግቢ አላት፣ እሷ ግን እምቢ ብላ ባዶ እግሯን ገብታ ነጠላዋን አጣፍታ መቃብሩ አጠገብ ረጅም ሰአት ቆመች። እኔም ዝም ብዬ አብሬያት ቆምኩ።

ከከተማው ወጣ ብሎ የጨው ሀይቅ አለ፣ ክረምታቸው ላይ ፍላሚንጎ የሚሉት ወፍ ይሞላዋል፣ በበጋ ደርቆ ነጭ ጨው ብቻ ይቀራል። አፈ ታሪኩ ድሮ የወይን ቦታ ነበር፣ አልዓዛር ደክሞት አንዲት ሴትዮ ወይን ቢለምናት የለኝም ብላ ከለከለችውና ጨው አደረገው ነው የሚለው። እማዬ ይሄን ስትሰማ "መንገደኛ ተከልክሎ!" ብላ አዘነች።

አንድ ቀን ጳፎስ ሄድን፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጳፉ የሚለው ማለት ነው፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር የሚያክል መንገድ ነው። ወደቡ ጫፍ ላይ አሮጌ ምሽግ አለ፣ ጳውሎስ ታስሮ ተገርፎበታል የሚባለውም አምድ አለ። ከሁሉም የገረመኝ ግን መሬት ላይ በትናንሽ ድንጋይ የተሳለው ስዕል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ገበሬ ሲያርስ ነው ብቅ ያለው፣ ማረሻው ስንት ዘመን ከላዩ ሲሄድ እንደኖረ አስቡት፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 መዝግቦታል። ግን ቦታው ሰፊ ነው፣ ጥላ የለውም፣ እማዬ ግማሹ ላይ ደክሟት ተቀመጠች፣ ስለዚህ አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ሂዱ፣ ኮፍያና ውሃ ያዙ።

ያልወደድኩት ላርናካ ባህሩ ዳር ዘንባባው ስር ካሉት ምግብ ቤቶች የገባንበትን ነው። የጾም ስንላቸው ስኩዊድና ኦክቶፐስ የሚሉትን የባህር እንስሳ አመጡ፣ እነሱ ዘንድ እሱ ጾም ነው፣ ይሁን፣ ግን አንበላም ስንል መልሰው አልወሰዱም፣ ያላዘዝነውንም ዳቦና ውሃ ሂሳቡ ላይ ጨምረው 48 ዩሮ ከፈልን። እናንተ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ባህሩም ሚያዝያ ላይ ገና ይበርዳል፣ ፀሐዩ ግን ለእኛ ብርድ ለለመድነው መድሃኒት ነው።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ማታ የአልዓዛርን ስዕል ይዘው ከተማውን ይዞራሉ። ልክ እንደኛ ታቦት ሲወጣ ሰው ግጥም አለ፣ ካህናቱ ከፊት፣ ሻማው፣ እጣኑ፣ እማዬ አልቻለችም እልልታዋን አቀለጠችው። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ጥቁር የለበሰች አሮጊት መጥታ እጇን ያዘቻትና አንዷ በአማርኛ አንዷ በግሪክኛ እያወሩ አብረው ሄዱ፣ እህቴና እኔ ከኋላ እያለቀስን ተከተልን። ለዛ ቅዳሜ ክፍል ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ እኛ ያገኘነው የቀረችውን አንዷን ነው።