ከዋይት ሀውስ በፊት የነበረው ሊንከን፦ የአንድ የድምፅ አስጎብኚ ግምገማ

አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ሃያ ዓመት ገደማ አስቀድሞ የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል ነበር። ከ1834 እስከ 1842 (ወራቱን፣ ቀኖቹንና ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አራት ጊዜ ተመርጦ ስምንት ዓመት አገልግሏል፤ ይህም በኋላ በፕሬዚዳንትነት የቆየበትን ዘመን እጥፍ ያህላል። ሆኖም ስለ እርሱ የሚዘጋጁት ጉብኝቶች አብዛኞቹ ከተወለደበት የግንድ ጎጆ ተነስተው በአንድ ዝላይ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ይገባሉ። ባለፈው መስከረም ከአጎቴ ጋር ኢሊኖይን በመኪና ስንዞር የገዛሁት የድምፅ አስጎብኚ ዓይኔን የሳበውም ይህን የተዘለለ ዘመን ብቻ እተርካለሁ ብሎ በመቅረቡ ነው። ቅሬታዎቼ ጥቂት ስላልሆኑ የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም። አጎቴ ግን መጠቀስ አለባቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው በመሆናቸው፣ እኔ የማላስተውለውን ነገር እርሳቸው ያስተውላሉ።

አስጎብኚው በስልክ ላይ ተጭኖ የሚሰራ ሲሆን ዘጠኝ ምዕራፎች አሉት። ኒው ሴለምን፣ ቫንዴሊያንና ስፕሪንግፊልድን ያዳርሳል፤ ስልኩ ያለበትን ቦታ እየለየ ተገቢውን ምዕራፍ በራሱ ይከፍታል ይባላል። ዋጋው ከአንድ ቀላል ምሳ አይበልጥም። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ተራኪዋ ግን ቃላቱን እየለየች፣ ሳትጣደፍ ስለምታነብ ለአጎቴ መተርጎም አልከበደኝም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ሊንከን በወጣትነቱ በኖረበት በኒው ሴለም መንደር ይደመጣሉ። ዛሬ የሚታዩት የግንድ ቤቶች ከአንድ ዎርክሾፕ በቀር በሃያኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የተሰሩ መሆናቸውን አስጎብኚው ገና ከመነሻው መናገሩን ወድጄለታለሁ። በ1832 የሃያ ሦስት ዓመቱ ሊንከን ለምክር ቤት ተወዳድሮ ከ13 እጩዎች ስምንተኛ ሆኖ ተሸነፈ፤ የሚያውቁት የገዛ መንደሩ ሰዎች ግን ከ300 ድምፅ 277ቱን ሰጥተውት ነበር። ተራኪዋ ይህን ካነበበች በኋላ ትንፋሽ ያህል ዝም ትላለች፤ ያ ዝምታ በሌሎቹ ምዕራፎች ውስጥ ካለው ሙዚቃ ሁሉ ይበልጣል። ቀጥሎ የፖስታ ቤት ኃላፊነቱና የመሬት ቀያሽነቱ እንዴት በየቤቱ እንዳስተዋወቀው፣ በ1834 እንዴት እንዳሸነፈ ይተረካል። ከአንድ ጎረቤቱ 200 ዶላር ተበድሮ፣ ከእርሱም ውስጥ 60 ዶላር ያህሉን ለሙሉ ልብስ አውጥቶ ወደ ዋና ከተማው ማቅናቱም አልተዘነጋም። የምክር ቤት አባል አበል በቀን 3 ዶላር እንደነበር ለሚያውቅ ሰው የልብሱ ዋጋ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

የዚህ ሥራ ልብ ቫንዴሊያ ናት። ከ1819 ጀምሮ እስከ 1839 የኢሊኖይ ዋና ከተማ ሆና የቆየችው ይህች ከተማ ማዕረጓን ላለማጣት በ1836 በጥቂት ወራት ውስጥ ያቆመችው የምክር ቤት ህንፃ እስከ ዛሬ አለ። ነጭ ቀለም የተቀባ ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤት ነው። የከተማዋ ሰዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ሲያሰሩት የምክር ቤቱ አባላት ይህን አይተው ልባቸው ይራራል ብለው ነበር፤ አባላቱ ግን በታኅሣሥ 1836 የገቡት ልስኑ በቅጡ ባልደረቀ አዳራሽ ነው። የተወካዮች አዳራሽ ላይኛው ፎቅ ላይ ይገኛል፤ ቁሳቁሱ የዘመኑን ዓይነት እንዲመስል ተደርጎ ተሟልቷል፤ በየጠረጴዛው ላይ የቀለም ዕቃ፣ የላባ ብዕርና የሻማ መቅረዝ አለ። አጎቴ አንዱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው በመቅረዙና በወረቀቱ መካከል ያለውን ርቀት በስንዝር ሲለኩ አየሁና ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ በዚህ ብርሃን የማታ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የጻፈ ሰው ዓይኑ አይተርፍም» አሉኝ።

አስጎብኚው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሚያቀርባቸው ሁለት ምዕራፎች የመጀመሪያው ከሁሉም የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ሊንከንን ብቻውን ነጥሎ አያቆመውም፤ በዙሪያው ማን ማን እንደነበረ ያሳያል። በመጀመሪያው የሥራ ዘመኑ ከ55 ተወካዮች አንዱ፣ የሃያ አምስት ዓመት አዲስ ገብ እንደነበረ፣ የህግ መጻሕፍት ያዋሰው፣ እንደ እርሱ የዊግ ፓርቲ አባል የነበረው ጆን ቶድ ስቱዋርት እንዴት ሥራውን እንዳስለመደው፣ ስቴፈን ዳግላስም በ1836 ምርጫ አሸንፎ በዚሁ ጣሪያ ሥር ተቀናቃኙ ሆኖ እንደተቀመጠ በየተራ ይነገራል። ሊንከን ካቀረባቸው ቀደምት ረቂቅ ህጎች አንዱ አንድ ሰው ሶልት ክሪክ በሚባል ወንዝ ላይ ቀረጥ የሚከፈልበት ድልድይ እንዲሰራ የሚፈቅድ ነበር። ታላቅ ንግግር የለበትም፤ ክፍለ ዘመን አይለውጥም፤ የአንድ ወረዳ ተወካይ ለአንድ መራጩ የሚያደርገው ነገር ነው። የግዛት ምክር ቤት ሥራ አብዛኛው እንዲህ ያለ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ መምረጥ አይቻልም ነበር።

ሁለተኛው የአዳራሹ ምዕራፍ በጥሩ ሁኔታ ይጀምርና አጨራረሱ ላይ ይሸሻል። ታሪኩ የ«ዘጠኙ ረጃጅሞች» ነው፤ ስፕሪንግፊልድ የምትገኝበት የሳንጋሞን ካውንቲ ሰባት ተወካዮችና ሁለት ሴናተሮች ቁመታቸው በአማካይ ከስድስት ጫማ ስለማያንስ እንዲህ ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ሊንከን ራሱ ስድስት ጫማ ከአራት ኢንች ነበር። ዓላማቸው ዋና ከተማውን ከቫንዴሊያ ነቅለው ወደ ስፕሪንግፊልድ ማዛወር ነበር፤ የካቲት 28 ቀን 1837 በአራተኛው ዙር ድምፅ አሰጣጥ ስፕሪንግፊልድ 73 ድምፅ አግኝታ አሸነፈች። አስጎብኚው አራቱን ዙሮች እንደ ስም ጥሪ አድርጎ ሲያስደምጥ፣ እነዚያ ሰዎች በቆሙበት ክፍል ውስጥ ቆሞ መስማት ያስደስታል። የቫንዴሊያ ሰዎች ያን ቀን ባዋጡት ገንዘብ የተሰራውን ቤት እያዩ ምን እንዳሉ ማሰብ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ድምፁ በምን እንደተገኘ ሲደርስ ተራኪዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፈዋለች። ከድሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ያው ምክር ቤት ለባቡር ሐዲድ፣ ለመንገድና ለወንዝ ጠረጋ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲወጣ የሚያዝ ህግ አውጥቶ ነበር። ዘጠኙ ረጃጅሞች ለየአካባቢው ሐዲድ ድምፅ እየሰጡ ለስፕሪንግፊልድ ድምፅ ሸምተዋል፣ ነገሩ እከክልኝ ልከክልህ ነበር የሚለው ክስ ያኔውኑ የተነሳ፣ ታሪክ ጸሐፊዎችም እስካሁን የሚከራከሩበት ነው። ክሱ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ሊንከን ለህጉ ድምፅ መስጠቱና መሟገቱ አያከራክርም። በወራት ውስጥ የ1837ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ ግማሽ ሚሊዮን ያልሞላ ህዝብ የነበረው ግዛት ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ፤ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወለዱን እንኳ መክፈል አቃተው። ሊንከን ቀውሱ ከመጣ በኋላም ሥራው ጨርሶ እንዳይቋረጥ ይከላከል ነበር።

ይህ ሁሉ በአስጎብኚው ውስጥ «አንዳንድ የኢኮኖሚ ችግሮች» የሚል አንድ ሐረግ ሆኖ ነው ያለፈው። የተሸጠልኝ የምክር ቤት አባሉ ታሪክ ነው፤ የምክር ቤት አባል ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚመዘነው በህዝብ ገንዘብ አያያዙ ነው። ሊንከን ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አገሩ በሙሉ በባቡር ሐዲድ ፍቅር ተይዞ ነበር፤ ስህተቱን ብዙዎች ተጋርተውታል። ይህን መንገር ሰውየውን አያሳንሰውም። አዘጋጆቹ ግን ወደፊት ፕሬዚዳንት የሚሆነውን ሰው ዕዳ ውስጥ ማየት የፈሩ ይመስላል።

ስለ ባርነት የሚናገረው ምዕራፍ ደግሞ በተቃራኒው ጥንቃቄ የተሞላ ነው። በጥር 1837 ተወካዮቹ የባርነት ይወገድ ማኅበራትን የሚያወግዝ ውሳኔ በ77 ድምፅ ሲያሳልፉ የተቃወሙት 6 ብቻ ነበሩ፤ ሊንከን ከስድስቱ አንዱ ነው። መጋቢት 3 ቀን እርሱና ሌላው የሳንጋሞን ተወካይ ዳን ስቶን ባርነት በፍትሕ መጓደልና በመጥፎ ፖሊሲ ላይ የቆመ መሆኑን፣ ነገር ግን የይወገድ ስብከቱ ክፋቱን ከመቀነስ ይልቅ እንደሚያባብስ የሚገልጽ ተቃውሞ በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ አሰፈሩ። ተራኪዋ ሁለቱንም ግማሾች ታነባለች፤ የሚያስደስተውን ግማሽ ብቻ ቆርጣ አላስቀረችም። አጎቴን ያስደነቃቸው ግን ቀኑ ነው። በጥር የተሰጠ ውሳኔ ላይ ተቃውሞ ለማስመዝገብ ስድስት ሳምንት ለምን እንደጠበቁ ጠየቁኝ፤ ወደ ኋላ መልሼ ቀኖቹን ሳሰላ የዋና ከተማው ድምፅ የካቲት 28 እንዳለቀ፣ ተቃውሞው ከዚያ በሦስተኛው ቀን እንደገባ አስተዋልሁ።

«ጋሼ፣ ድምፁ እንዳይጎድልባቸው ነው የጠበቁት ማለት ነው?» አልኋቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ቀኑን ነው የሚይዘው፣ ሐሳብ አይጽፍም» ብለው ስልኩን መልሰው ሰጡኝ። አስጎብኚው ሁለቱን ክስተቶች በሁለት የተለያዩ ምዕራፎች በማስቀመጡ አብዛኛው አድማጭ ይህን ግንኙነት ሳያየው ማለፉ አይቀርም።

ስፕሪንግፊልድ ከቫንዴሊያ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሊንከን በሚያዝያ 1837 ጠበቃ ሆኖ ወደዚያ ሲዛወር በራሱ ድምፅ ያመጣትን ዋና ከተማ ተከትሎ መሄዱ ነበር። የስልኩ ቦታ መለያ ያሳፈረንም እዚሁ ነው፤ በአሮጌው የምክር ቤት ህንፃ ፊት ለፊት ቆመን የኒው ሴለምን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ከፈተልን፤ በመጨረሻ በእጅ ፈልጌ ማስጀመር ነበረብኝ። ህንፃው በ1960ዎቹ ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ፣ ድንጋዮቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው እንደገና የተገነባ መሆኑን ምዕራፉ አይናገርም። በኒው ሴለም ይህን ዓይነቱን ነገር በግልጽ የተናገረ ሥራ እዚህ ዝም ማለቱ ግራ ያጋባል። በነገራችን ላይ፣ ሌላው የቀድሞ የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል ባራክ ኦባማ በየካቲት 2007 ለፕሬዚዳንትነት መወዳደሩን ያስታወቀው በዚሁ ህንፃ ፊት ነው፤ ይህም አልተጠቀሰም።

የመስኮቱ ታሪክ ግን በደንብ ተሰርቷል። ታኅሣሥ 1840 አዲሱ ህንፃ ስላልተጠናቀቀ ተወካዮቹ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ህንፃ ተሰብስበው ነበር። ጉባኤው ከተበተነ የግዛቱ ባንክ የወረቀት ገንዘቡን በወርቅና በብር የመመንዘር ግዴታ ይመለስበታል፤ ባንኩን ይደግፉ የነበሩት ዊጎች ምልዐተ ጉባኤ እንዳይሟላ ሲሉ ቀሩ፤ ሁኔታውን እንዲከታተሉ ከገቡት ጥቂቶች መካከል ሊንከን ነበረበት። እነርሱ ራሳቸው ተቆጥረው ቁጥሩ መሙላቱን ሲያውቁ በሩ ተዘግቶባቸው በመስኮት ዘለሉ፤ ግን ዘግይተዋል። የተቃዋሚው ጋዜጣ በእግሮቹ ርዝመት ቀለደበት። ምዕራፉ ቀልዱን ከመናገሩ በፊት ምልዐተ ጉባኤ ምን እንደሆነና ባንኩ ለምን እንደተጨነቀ በአጭሩ ማስረዳቱ ያስመሰግነዋል፤ ሌሎች አስጎብኚዎች ታሪኩን እንደ ተራ ቧልት ብቻ ሲያወሩት ሰምቻለሁ።

ሊንከን በ1838ም ሆነ በ1840 የዊጎች የአፈ ጉባኤነት እጩ ሆኖ ሁለቱንም ጊዜ መሸነፉ፣ ያሸነፈውም የቫንዴሊያ ጠበቃ የነበረው ዊሊያም ዩዊንግ መሆኑ በጨረፍታ ብቻ ይነገራል። ለምክር ቤት ታሪክ ይህ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይበቃው ነበር፤ ቦታው የተሰጠው ግን ሊንከንን መስሎ ለሚናገር ተዋናይ ነው። ተዋናዩ ሊንከን መናገሩ የማይታወቅ ነገር በለቅሶ ድምፅ ሲናገር አጎቴ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው የመንገዱን ዛፎች ማየት መረጡ።

ይህን አስጎብኚ መግዛት የሚገባው ኒው ሴለምንና ቫንዴሊያን ለማየት ጊዜ ያለው፣ የምክር ቤት አሠራር የሚማርከው ሰው ነው። ምዕራፎቹን ከጉዞው በፊት ማውረድ፣ ቦታ መለያውንም መዝጋት ይሻላል። ሁለቱን የአዳራሽ ምዕራፎችና የባርነቱን ተቃውሞ አከታትሎ፣ ከተቻለም ቫንዴሊያ ላይኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይገባል፤ ስድስተኛው፣ ማለትም የተዋናዩ ምዕራፍ፣ ቢዘለል ምንም አይጎድልም። ዘጠነኛው ምዕራፍ ሊንከን በ1842 ዳግም ላለመወዳደር መወሰኑን በሦስት ደቂቃ ይናገርና በቀሪው ጊዜ ወደ ዋይት ሀውስ ይሮጣል። እኔ በሦስተኛው ደቂቃ አጠፋሁት፤ አጎቴም ወደ ቫንዴሊያ ተመልሰን ያንን ጠረጴዛ አንድ ጊዜ ደግመን ብናየው ምን ይመስልሃል አሉኝ።