ካራ ያለውን የእማዬን ቤት ላጸዱልን ልጆች፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም የሰፈሬ ሰዎች። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው «ያን ሁሉ አሮጌ ዕቃ የወሰዱላችሁን ልጆች ከየት አገኛችኋቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው።

እማዬ ኮተቤ ካራ ያለውን ቤት ለቃ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከወንድሜ አጠገብ ልትገባ ሆነ። ዋናው ቤት ብዙም አያስቸግርም። ጉዱ ያለው ሰርቪሱ ውስጥ ነው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን ጋራዥ የሠራ ሰው ነው፤ ዕቃ መጣል አያውቅም። «ይሄ አንድ ቀን ይፈለጋል» እያለ ሠላሳ ዓመት ያስገባው ነገር እስከ ጣሪያው ተከምሯል፦ የመኪና ባትሪ፣ የተቃጠለ ዲናሞ፣ ጎማ፣ በርሜል፣ የቆመ ፍሪጅ፣ የኬብል ጥቅል። እማዬም ብትሆን የዋዛ አይደለችም። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህማ ፍራሿ ሥር ያለው ፌስታል እንደ ዶላር ነው የሚጠበቀው።

መጀመሪያ የጠራነው አንድ ባለ አይሱዙ ነበር። «ጠርጌ እወስድላችኋለሁ» አለ፤ ተስማማን፤ አንድ ዙር ጭኖ ሄደ። ማታ ላይ የጎረቤት ልጅ መጥቶ «የጋሼን ወንበር ወንዝ ውስጥ አየሁት» አለን። ሄጄ አየሁ። ወንበሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የጥጥ ፍራሹ፣ የቀለም ጣሳዎቹ፣ ያ ትልቁ የድሮ ቲቪ ጭምር ተሰባብሮ ከድልድዩ ሥር ተገልብጧል። የዚያ ዓይነት ቲቪ መስታወት ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰው በወንዙ ውሃ ጎመን ያጠጣል። ለዚህ ነው እንግዲህ ገንዘብ የከፈልነው!

እማዬ ያን ዕለት እራት አልቀመሰችም። ቆሼ ነው ትዝ ያላት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲቀብር ስንት ቀን እንዳለቀሰች አስታውሳለሁ። «ይሄስ የቀረው የማን ደጃፍ ላይ ሊከመር ነው?» አለችና ሰርቪሱን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተችው። የቤት ለውጡ እዚያው ላይ ቆመ።

መፍትሔው የመጣው በየሳምንቱ «ቆራሌው!» እያለ በራችን ላይ ከሚያልፈው ልጅ ነው። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል፤ እኛ ልጅ ሆነን በአሮጌ ጫማና በጠርሙስ ከረሜላ መግዣ የምናገኘው ከነሱ ነበር። ይሄኛው አሁን ብቻውን አይሠራም፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ቤት ሙሉ ዕቃ ያነሳል። ከሦስቱ አንዷ ሴት ናት።

በቀጠሯቸው ቀን ሁለት ሰዓት አርፍደው መጡ (ይሄን ሳልናገር አላልፍም)። ከመጡም በኋላ መጫን አልጀመሩም። ግቢው ላይ ሸራ አንጥፈው ዕቃውን በየወገኑ ይለዩ ጀመር፤ ብረቱን ለብቻ፣ አሉሚኒየሙን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን፣ ወረቀቱን። ግማሽ ቀን ፈጀ። በሆዴ «አይ ስንፍና» ብዬ ነበር። ይቅር በሉኝ።

ብረቱ ሊመዘን ሲል እማዬ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ቆይ» ብላ ማድ ቤት ገብታ ያልተከፈተ የአምስት ኪሎ ዱቄት ይዛ መጣች። «መጀመሪያ ይሄን መዝንልኝ።» እኔ መግቢያ ጠፋኝ። ልጁ ግን ቅርም አላለው፤ ዱቄቱን ፌስታል ውስጥ አድርጎ የእጅ ሚዛኑ መንጠቆ ላይ ሰቀለው። መርፌው ትንሽ ተወዛወዘና አምስት ላይ ቆመ። «እማማ፣ ከፈለጉ በየመሀሉ ይመዝኑኝ፤ አልቀየምም» አላት። ከዚያ በኋላ ቡና ተፈላ።

የኬብሉን ጥቅል ሳየው ሊያቃጥሉት ነው ብዬ ነበር። ሜዳው ላይ አመሻሽ ላይ የሚነሳው ያ ጥቁር ጭስ ብዙውን ጊዜ የኬብል ነው፤ ፕላስቲኩ ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። ልጅቷ ግን ኬብሉን በጉልበቷና በእግሯ ወጥራ ይዛ በቢላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰንጥቃ እንደ ሸንኮራ ላጠችው። መዳቡ ቀይ ሆኖ ብልጭ አለ። ለምን እንደምትደክም ስጠይቃት «የተቃጠለ መዳብ ይጠቁራል፤ ዋጋው ይወርዳል» አለችኝ። ስለ ጤና የምታወራኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ስለ ገበያ ነው። እሰየው፣ ሁለቱ አንድ መንገድ ከሄዱ ምን አስጨነቀኝ!

ባትሪዎቹን ሲያነሱም አሲዱን መሬት ላይ አላፈሰሱም፤ ቀጥ አድርገው ሣጥን ውስጥ ደረደሯቸው። ፍሪጁን ቱቦውን ቆርጠው ጋዙን እንዲሁ አልለቀቁትም። የዚያ ዘመን ፍሪጅ ጋዝ ኦዞንን የሚጎዳው ዓይነት ነው፤ እንዳለ ለፍሪጅ ጠጋኝ ወሰዱት። በርሜሎቹና ጣሳው ምናለሽ ተራ ገቡ፤ እዚያ ተቀጥቅጠው የከሰል ማንደጃ ይሆናሉ። ጎማው ለበረባሶ ሠሪዎች ሄደ። ከባዱ ብረት በነጋዴ እጅ አልፎ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ነው የሚሄደው፤ ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። ከሰርቪሱ ጣሪያ የወረደውን ቆርቆሮ ጎረቤታችን ለአጥር ገዝቶታል። ጀሪካን ግን አንድም አልወጣም፤ እማዬ ሁሉንም ይዛ የካ አባዶ ገብታለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር ማን ይፈርድባታል?

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን በወረቀቱ ነው። እኔ አሮጌ ጋዜጣውንና ደብተሩን በሁለት ማዳበሪያ አጭቄ «ይሄን በኪሎ ውሰዱት» ብዬ ነበር። ልጁ እንቢ አለ። ከመመዘኑ በፊት እየገለጠ ያያል፤ «አንዴ ከሄደ አይመለስም፣ እህቴ» አለኝ። ከአንድ ደብተር መሀል የአባዬ የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኞች ወጡ፤ በክር የታሰሩ 11 ደረሰኞች። ወንድሜ በእነዚህ ደረሰኞች ምክንያት ስንት ቀን ወረዳ እንደተመላለሰ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሒሳቡን በተመለከተ፦ የሚሸጠውን ዕቃ ገመቱ፣ የመኪናና የጉልበት ቀነሱ፣ የተረፈውን ለእማዬ በእጇ ሰጧት። በር ላይ የመጡትን የሰፈር ጫኝና አውራጆች እንኳ በጭቅጭቅ አልመለሷቸውም፤ ሁለቱን አብረው አሠሯቸው። እናንተም ጋ ትርፍ ይኖራል ብዬ ግን ቃል አልገባም። የእኛ ቤት ብረት በብረት ነበር፤ ሶፋና ስፖንጅ የበዛበት ቤት ከኪሱ ሊጨምር ይችላል። የበሰበሰ እንጨትና የስፖንጅ ፍራሽ አይወስዱም። የማይሆነው አራት ማዳበሪያ ሞላ፤ እሱን በየሳምንቱ ለሚመጡት የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ልጆች ሰጠናቸው፣ ትንሽ ጉርሻ ጨምረን።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ መርካቶ ስለሚውሉ አይመጡም። ከመጥራታችሁ በፊት የምታስቀሩትን ዕቃ አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፉበት፤ እኛ ቤት መሀል ላይ «ይሄን ተውልኝ፣ ያንን መልስ» ስትል እማዬ ልጆቹን አድክማቸዋለች።

አንድ ነገር ብቻ እጄ ላይ ቀርቷል። 14 የፍሎረሰንት መብራቶች። ውስጣቸው ሜርኩሪ ስላለ ልጁ ሊሰብራቸው አልፈለገም፤ «የሚቀበለኝ ሰው የለኝም፣ ወስጄ ከምጥላቸው እዚሁ ይቆዩ» ብሎ በካርቶን ጠቅልሎ ሰጠኝ። በረንዳዬ ላይ ናቸው። የሚቀበል ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ራሴ አመጣዋለሁ።