«ሆዴ ባባ» ስል የገባቸው ቦታ፦ ስለ ታስክ የምክር አገልግሎት

ይሄን የምጽፈው ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ላላችሁ፣ በተለይ የጥገኝነት ጉዳይ ይዛችሁ እንቅልፍ ላጣችሁ ነው። ታስክ (TASSC) የሚባለው ድርጅት ጋ ለወራት የምክር አገልግሎት ወስጃለሁ። የሚቆጨኝ ዘግይቼ መሄዴ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ክሊኒክ ነበር። ስሙን አልጠራም። አስተርጓሚው በስልክ ነው። ሐኪሟ ስለ እናቴ ስትጠይቀኝ «ሆዴ ባባ» አልኩ። ስልኩ ላይ ያለው ሰው ምን ብሎ እንደነገራት እንጃ፣ ሴትዮዋ ተነስታ ሆዴን መጫን ጀመረች፤ ምን በላህ፣ ያቃጥልሃል ወይ፣ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ እያለች። የጨጓራ መድኃኒት ይዤ ወጣሁ። የኛ ሰው እኮ ሐዘኑንም ፍርሃቱንም የሚናገረው በሆዱ ነው። ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴ ተላወሰ፣ ሆዴ ፈራ እንላለን። ከዚያ በኋላ ለስምንት ወር የትም አልሄድኩም።

ታስክ የማሠቃየት ግፍ የደረሰባቸውን ሰዎች የሚረዳ ድርጅት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1998 ያቋቋሙት ሲስተር ዳያና ኦርቲዝ የሚባሉ አሜሪካዊት መነኩሲት ናቸው። እሳቸውም በ1989 ጓቲማላ ውስጥ ታፍነው ብዙ ግፍ ተፈጽሞባቸዋል። በ2021 አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ይሄን ስሰማ ነው ልቤ የተከፈተው። የመሠረቱት ራሳቸው የቀመሱት ናቸው። አገልግሎቱ በነጻ ነው፣ ከሚመጣው ሰው ደግሞ ሐበሻው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ቀን ታሪክህን ንገረን የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ለማመልከቻው ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! «ዛሬ ምንም መናገር የለብህም» አለችኝ አማካሪዋ። እንቅልፌን ጠየቀችኝ፣ ምግቤን ጠየቀችኝ፣ በቃ። አስተርጓሚው እዚያው አጠገቤ ተቀምጧል። እንደገና ሆዴ ባባ ስል ዞር ብሎ ረዘም ያለ ነገር ነገራት፣ እሷም እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። እኔም እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ሥራዬ ፓርኪንግ ነው፣ የማታ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ቁልፍ መቀበል፣ መስቀል፣ ማውረድ ነው። የቁልፍ ዘለላ ሲንቃጨል ግን ላብ ያጠምቀኛል። ያንን ድምፅ የት ሆኜ እሰማው እንደነበር እዚህ አልጽፍም፣ የታሰረ ሰው ያውቀዋል። አማካሪዋ መጀመሪያ እግሬን ወለሉ ላይ አስደግፌ በክፍሉ ውስጥ የማየውን አምስት ነገር እንድቆጥር አስተማረችኝ። የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ቀረሁ። ስመለስ ማንም አልተቆጣኝም። ከዚያ አንድ ቀን የቁልፍ ዘለላ አስይዛኝ እንዳንቃጭለው ነገረችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። «አሁን ቁልፉ በማን እጅ ነው?» አለችኝ። «በእኔ» አልኩ። ይሄን ለሳምንታት ደጋገምነው። ድምፁ ዛሬም ይሰማኛል፣ ግን ሥራዬን ጥዬ ወደ ደረጃው አልሮጥም።

ጠበልም ሄጃለሁ፣ አሁንም እሄዳለሁ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም፣ ታስክ ውስጥም ጠበሉን ተወው ያለኝ የለም።

ስለ ጥገኝነቱ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ በገባችሁ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። ብዙ ሰው ግን የደረሰበትን ማውራት ስለማይችል ቀኑ ያልፍበታል። ካለፋችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ግፉ ያስከተለው የአእምሮ ሕመም እንደ ምክንያት ሊቀርብ ይችላል፣ ደንቡ ላይ አለ፣ ጠበቃ አማክሩ። ሌላው የቀን ማምታታት ነው። ብዙ የተሠቃየ ሰው ቀንና ቅደም ተከተል ይጠፋበታል፣ ይሄ ውሸት አይደለም። ባለሙያ መርምሮ የሚጽፈው ማስረጃ ይሄን ለመርማሪው ያስረዳል።

አስተርጓሚውን ለምትፈሩ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ዲሲ ጠባብ ናት፣ ሁሉም የሰው ዘመድ ነው፣ የአገር ቤቱ የዘር ነገር ደግሞ እዚህም ተከትሎን መጥቷል። የማይመቻችሁ ሰው ከመጣ ይቀየርልኝ በሉ። ነውር የለውም። የምትናገሩት የገዛ ሕመማችሁን ነው።

በየዓመቱ ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጆቹ ጁን 26 አካባቢ፣ የታስክ ሰዎች ዋይት ሀውስ ፊት ለፊት ይሰበሰባሉ። ዕለቱ የተባበሩት መንግሥታት የማሠቃየት ግፍ ለደረሰባቸው ሰዎች የሰጠው ቀን ነው። ዘንድሮ ሄጄ ከኋላ ቆሜ አየሁ። የሚናገሩት ሰዎች ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ ቢሮው ሰሜን ምሥራቅ ዋሽንግተን ነበር፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ሥራችሁ የማታ ከሆነ ቀጠሮውን ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ እኔ ጠዋት ይዤ ሁለቴ ባቡር ውስጥ ተኝቼ አልፌዋለሁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ደግሞ ስልኩን አትዝጉት፣ «አማሪክ» ብላችሁ ጠብቁ።