ነፍስ ወይስ መንፈስ?

ነፋስ፣ እስትንፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ የአንድ የግእዝ ሥር ልጆች ናቸው። አገልግሎታቸው ግን ይለያያል።

ነፍስ ከገላ ጋር ተጣብቃ ትኖራለች። እርጉዝ ሴት ነፍሰ ጡር ናት። ልጅ ክፉና ደጉን ሲለይ ነፍስ አወቀ እንላለን። የራበው ሰው እህል ሲቀምስ ነፍስ ይዘራል። ሲሞትም ነፍስ ይማር። ከፅንስ እስከ ቀብር አንድ ቃል! ሁሌም ይገርመኛል። የዕብራይስጡ ኔፌሽም የዚችው ዘመድ ነው።

መንፈስ ግን ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል። ቅዱስም ርኩስም ይሆናል። የቡድን መንፈስ እንላለን፤ የቡድን ነፍስ ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች «ኢነርጂ» ለሚሉት ስሜት እኔ መንፈስን እመርጣለሁ። «ቤቱ ደስ የሚል መንፈስ አለው» ቢባል ማንም ይገባዋል። ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ላለ በሽተኛ ግን መንፈስ የሚለው ቃል አይበቃውም።