ኪማን፦ ሐዋሳ ላለ የአማርኛ መምህር ምን ያህል ይጠቅማል?

በኮምፒውተር አማርኛ ለሚጽፍ መምህር አንድ ፕሮግራም ምረጥ ብባል ኪማን የተባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከጂ.ኤፍ.ኤፍ. አማርኛ ኪቦርድ ጋር እመርጣለሁ፤ ይህ ኪቦርድ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን የፊደል አመዳደብ እንጂ በእጅ የሚነካ ዕቃ አይደለም። በነጻ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል፤ በእሱ የተጻፈውን ሰነድም ስልኬ ላይ፣ ትምህርት ቤት ባለው ኮምፒውተርም ሆነ ኮፒ ቤት ከፍቼ ያለ ችግር አነበዋለሁ። ይሁን እንጂ እኔ የማስተምራቸውን የሐዋሳ ልጆች የሚያደናግር አንድ ነገር አለበት። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁትም ስለዚያ ልናገር ብዬ ነው።

ያደግሁት የጽሕፈት መኪና እየሰማሁ ነው። እናቴ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ የፈተና ወረቀት በስቴንስል፣ ማለትም በማባዣ የሰም ወረቀት፣ ላይ የምትመታው እሷ ናት። 33ቱ ፊደላት ከነሰባቱ ቤታቸው 231 ስለሚሆኑ ሁሉንም አንድ መኪና ላይ ማስፈር አይቻልም ነበር። ስለዚህ መኪናው ብዙዎቹን ፊደላት እየቀጠለ ነው የሚሠራው፤ አስቀድሞ የፊደሉ አካል ይመታል፣ ከዚያ ቅጥያው ይጨመርበታል። ስቴንስሉ ላይ ከተሳሳተች በማረሚያ ፈሳሽ ትደፍነውና እስኪደርቅ ትጠብቃለች። የምትመታቸውን ምንባቦች ከኋላዋ ቆሜ እያነበብኩ ስላደግሁ፣ ኮሌጅ ስጨርስ የተሻለ ደመወዝ ያለው የባንክ ሥራ ቢገኝም ልቤ ወደዚያ አልሄደም። አማርኛ መምህር ሆንኩ፤ ዛሬም ምርጫዬ ይኸው ነው።

ሥራ ስጀምር ስቴንስሉ ለኮምፒውተር ቦታውን ለቋል፤ ችግሩ ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በድሮዎቹ ፎንቶች የሚጻፈው አማርኛ ከውስጥ ሲታይ የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ የግዕዝ ልብስ ያለብሰዋል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቅና ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይቀራል። መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ኮፒ ቤት የፈተና ወረቀቴን እንዲህ አድርጎ ለአንድ ሙሉ ክፍል አባዝቶ ሰጥቶኛል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የወጣው ደግሞ በ2007። እኛ መምህራን ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በድሮው ልማድ ቀጠልን። የተማርነው ያንን ስለነበር ነው።

ኪማን የሚጽፈው በዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው የቋንቋ ድርጅት ነው። አሠራሩን ለአማርኛ መምህር ማስረዳት ቀላል ነው፦ ተነባቢውን ብቻ ስትመቱ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢ ስትጨምሩበት ወደ ሌላው ቤት ይሻገራል። ኤስ (s) ሲመታ ስ፣ ኢ (e) ሲከተለው ሰ፣ ኤ (a) ሲከተለው ሳ ይሆናል። ሐመሩን ሐ የፈለገ ሺፍት ይዞ ኤችን ይመታል። ሁለት ነጥቡን ደግመው ሲመቱት አራት ነጥብ ይሆናል። ፊደሉ ዓይናችሁ እያየ ከሳድስ ወደ ግዕዝ ወይም ወደ ራብዕ ሲለወጥ የፊደል ገበታው ራሱ ይታያችኋል። ለዚህ ብቻ እንኳ ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተር ላይ አሳየዋለሁ።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው፤ በወላይትኛ የፈቱም አሉ። ሁለቱም ቋንቋዎች የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ልጆቹ ፊደልና ድምፅን ማዛመድ የተማሩት በዚያ ነው። በዚህ የተነሳ ኪቦርዱን ከአዲስ አበባ ከመጣ ልጅ ይልቅ እነሱ በፍጥነት ይለምዱታል። ሆኖም በሲዳምኛ አጻጻፍ ኤክስ (x) ጥ ነው፤ እዚህ ኪቦርድ ላይ ግን ሽ ነው። በሲዳምኛ ሲ (c) ጭ ነው፤ እዚህ ግን ች። ስለዚህ ‹‹ጥያቄ›› ለመጻፍ የተነሳች ጎበዝ ተማሪ ‹‹ሽያቄ›› ይወጣላታል፣ ‹‹ጫማ›› ደግሞ ‹‹ቻማ›› ይሆንባታል። ‹‹መምህር፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል›› ትለኛለች። ኮምፒውተሩም አልተበላሸም፣ እሷም አላጠፋችም። አንድን ፊደል ለሁለት ድምፅ የመደቡ ሁለት ሥርዓቶች ጣቷ ላይ ተጋጭተውባት ነው። ለጥ ትልቁን ቲ፣ ለጭ ትልቁን ሲ መምታት እንዳለባት ወረቀት ላይ ጽፌ ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር አጠገብ ለጥፌያለሁ።

ሁለተኛው የሚያስጨንቀኝ ነገር ሃሌታው ሀ ነው። ድምፁን ተከትሎ ኤች እና ኤ የመታ ልጅ የሚያገኘው ራብዑን ሃ ነው፤ እናም ‹‹ሃገር››፣ ‹‹ሃሳብ›› እያለ ይቀጥላል። ግዕዙን ለማግኘት ኢን መምታት አለበት። ኪማን ኪቦርድ እንጂ ፊደል አራሚ ስላልሆነ ይህን የሚያርም መምህሩ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ካልተነገራቸው ይለምዱትና በእጅ ጽሑፋቸውም ይገባል።

ስልክ ላይ ኪማን ቢኖርም እኔ አልጠቀምበትም። ለስልክ የጉግል ኪቦርድ ይበቃኛል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ ስላስቻለ አቶቴ ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ ለወላጆች የሚላክ አጭር መልእክት እየተናገርኩ አስጽፈዋለሁ። ለፈተና ግን አላምነውም፤ ‹‹ሥራ››ን አንዴ በንጉሡ ሠ፣ አንዴ በእሳቱ ሰ ይጽፍልኛል።

ለመጫን ለሚፈልግ፦ ፕሮግራሙንም ኪቦርዱንም አብሮ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ብቻውን አማርኛ አይጽፍም። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ስለሚችል የአይ.ሲ.ቲ. መምህሩን ቀድማችሁ አነጋግሩ። እሱ ካልተገኘ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ምንም ሳይጭኑ በኪማን ድረ ገጽ ላይ ጽፎ ወደ ሰነድ መገልበጥ ይቻላል። ሠሪዎቹን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ኤክስን ጥ፣ ሲን ጭ የሚያደርግ አማራጭ ያውጡልን። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አፍ መፍቻ ይዘው አማርኛ የሚማሩ ልጆች ሐዋሳ ብቻ አይደሉም ያሉት፤ አዳማም አሉ፣ ወላይታ ሶዶም አሉ።